መናፍቅ ማን ነው?

ሰሞኑን አክስቴ ልጇን «አንተ መናፍቅ!» አለችው። በፍልሰታ እንቁላል ጠብሶ ሲበላ አግኝታው ነው። ጴንጤ ከሆነ ቆይቷል፣ ቤቱም ለምዶታል፣ ግን ይቺን ቃል ፊት ለፊት ስትወረውርበት ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እሱ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ ቃሏን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በግዕዝ «ነፈቀ» ማለት ከፈለ፣ ለሁለት አደረገ ነው። ልብ ሳንለው ስንጠቀምበት ነው የኖርነው። የትምህርት መንፈቅ የምንለው የዓመቱ ግማሽ ነው፤ መንፈቀ ሌሊትም የሌሊቱ እኩሌታ። ከዚሁ ሥር «ናፈቀ» ሲሆን ደግሞ ተጠራጠረ፣ ልቡ ሁለት ሆነ ማለት ነው። (በአማርኛ «ናፈቀኝ» ስንል ሌላ ነገር ነው፣ ምንም እንኳ የናፈቀው ሰውም ልቡ እኩሌታው ሌላ ቦታ ቢሆንም።) እንግዲህ በሥሩ ካየነው መናፍቅ ከውጭ የመጣ ሰው አይደለም። ከእኛው ጋር አስቀድሶ፣ ከእኛው ጋር ጾሞ፣ ልቡ ግን ያልቆረጠለት ሰው ነው።

ሙስሊም ጓደኞቼ «ሙናፊቅ» ሲሉም የሚያወሩት ስለዚሁ ሰው ነው። የቁርኣን 63ኛው ሱራ የተሰየመው በነሱ ነው፤ መዲና ላይ በአፋቸው አመንን ብለው በልባቸው ባላመኑት። የዓረብኛ ሊቃውንት ቃሉን ከምድር ውስጥ መሹለኪያ ጋር ያያይዙታል፣ በአንዱ ቀዳዳ ገብታ በሌላው ከምትወጣ የበረሃ አይጥ ጉድጓድ ጋር። ጀርመናዊው የሴም ቋንቋዎች ሊቅ ቴዎዶር ኖልደከ ግን ቃሉ ከግዕዝ ወደ ዓረብኛ የተሻገረ ነው ይላል። እኔ ለኖልደከ ነው የማደላው። ላገሬ ስለሚያደላ ይሆናል፣ አልክድም።

ግሪኮች ደግሞ በሌላ በር ነው የገቡት። ኑፋቄን የሚሉበት ቃል «ሃይሬሲስ» በመሠረቱ ምርጫ ማለት ነው። አንዱን የፍልስፍና ወገን መርጠህ ከገባህ፣ ያ ወገንህ ሃይሬሲስ ይባላል፣ ስድብ የለበትም። በግሪኩ የሐዋርያት ሥራ ሰዱቃውያንም ፈሪሳውያንም የሚጠሩት በዚሁ ቃል ነው። ከዚያ ለክርስቲያኖቹም ደረሳቸው። ምዕራፍ 24 ላይ ጳውሎስ ገዢው ፊሊክስ ፊት ተከስሶ ቆሞ፣ የአባቶቼን አምላክ የማመልከው እነዚህ ኑፋቄ በሚሉት መንገድ ነው ይላል። ጳውሎስ! በኋላ ጉባኤ በጉባኤ ላይ ሲደረብ ነው ቃሉ ጥርስ ያወጣው። በ451 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ) በኬልቄዶን ጉባኤ ላይ አብያተ ክርስቲያናቱ ከተከፋፈሉ ወዲህማ ሁለቱም ወገን ሌላውን በዚሁ ስም ሲጠራ ኖሯል።

እኔን የገረመኝ ግሪኩ የመረጠውን ሲወቅስ ግዕዙ መምረጥ ያቃተውን መውቀሱ ነው። እኛ የግዕዙን ቃል አንስተን የመረጠውን ሰውዬ እንመታበታለን። የአክስቴን ልጅ እዩት። እሑድ ከጠዋት እስከ ስምንት ሰዓት ቸርች፣ ረቡዕ ማታ የጸሎት ፕሮግራም፣ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር ይሰብካል፣ ያሰለቸናል እንኳን። የቱ ጋ ነው ግማሽ የሆነው? ጾሙን የምይዘው እናቴ ቤት ስሆን ብቻ የሆንኩት እኔ አለሁ አይደል፣ ቃሉ በልኬ የተሰፋ።

ታሪካችንም ላይ ያው ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከትግራይ አባ እስጢፋኖስ የሚባሉ መነኩሴ ተነሡ። እሳቸውና ተከታዮቻቸው ለሥላሴ ካልሆነ ለማንም አንሰግድም አሉ። ለንጉሡም፣ ለመስቀልም፣ ለእመቤታችን ሥዕልም። ንጉሡ ደግሞ ዘርዐ ያዕቆብ ነበሩ፣ የማርያምን ነገር እንደሳቸው ያጠበቀ ንጉሥ የለም። ፀረ ማርያም ተባሉ (ዛሬ ጴንጤዎቹ ላይ የምትወረወረው ቃል ዕድሜዋ ስንት እንደሆነ ያዙልኝ)። ተገረፉ፣ አካላቸው ተቆረጠ፣ ተወገሩ። ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው እነሱ ከተወገሩ በኋላ በሰማይ ከታየው ብርሃን ነው ይባላል። ንጉሡ ብርሃኑን ለራሳቸው ምስክር አድርገው ወስደው እዚያው ቤተ ክርስቲያን ሠሩ። «እሰግዳለሁ» ብለው አንዴ ጎንበስ ቢሉ በሕይወት ይተርፉ የነበሩ ሰዎችን ልበ ግማሽ ማለት፣ እንጃ፣ እኔ አልደፍርም።

ይኸው ንጉሥ ግን ሌላውን ወገን አስታርቀዋል። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ቅዳሜም እንደ እሑድ ሰንበት ናት በማለታቸው ከሊቃነ ጳጳሳቱ ጋር ተጣልተው፣ አገር ለቀው፣ በፈረንጆቹ 1352 አርመን ሄደው ነው ያረፉት። ተከታዮቻቸው ክህነት ተከልክለው ብዙ ዘመን በዳር ኖሩ። በፈረንጆቹ 1450 ደብረ ምጥማቅ ላይ ዘርዐ ያዕቆብ ጉባኤ ጠርተው ሁለቱም ሰንበት ይከበር አሉ፣ ግብፃውያኑ ጳጳሳትም ተቀበሉ። መቶ ዓመት ሙሉ ያስወገዘው ነገር ሥርዓት ሆነ። አክስቴ ቅዳሜ ልብስ የማታጥበው ለዚህ ነው፣ መስከረም 18ም ኤዎስጣቴዎስን ታስባለች።

እስጢፋኖሳውያኑም ቢሆን ጠፍተው አልቀሩም። ገዳማቸው ጉንዳ ጉንዶ ከጊዜ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኒቱ ጋር ታርቆ አሁንም አጋሜ ገደል ውስጥ አለ፣ የብራና መጻሕፍቱና ሥዕሎቹ ስመ ጥር ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ የማን መሰላችሁ? የማርያም።