251 ሜትር ብላችሁ እንዳትንቋት

የስኮትላንድ ዋና ከተማ ኤዲንብራ ከገባሁ ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ጠዋት ብድግ አልኩና ብቻዬን አርተርስ ሲት የሚሏትን ኮረብታ ወጣሁ። ከፍታዋ 251 ሜትር ብቻ ነው። «ይቺማ ምን አላት!» ብዬ ነበር። ወገቧ ላይ ስደርስ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይል ጀመር። ፀጉራቸው የነጣ አንድ ሴትዮ ውሻቸውን አስከትለው ሽው ብለው አለፉኝ። አፈርኩ። የጫማዬን ክር የማስር መስዬ ቁጭ አልኩ።

ጫፉ አካባቢ ድንጋዩ በሰው እግር ብዛት ተፍቆ ልስልስ ብሏል። ካፊያ ስለነካው ደግሞ አንሸራቶኝ በመዳፌ አረፍኩ። የመጨረሻዋን ዳገት በእጄም በእግሬም ነው የወጣኋት።

ላይ ያለው ነፋስ አያድርስ ነው! ኮፍያዬን ጨብጬ ዞር ዞር አልኩ። በአንድ በኩል ባሕሩ፣ በሌላ በኩል ከተማዋና አለት ላይ የተኮፈሰው ግንብ። ያ አለትም ሆነ እኔ የተቀመጥኩበት የጥንት እሳተ ገሞራ ቅሪት ነው፤ 340 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይሆነዋል። የሥነ ምድር ተመራማሪው ጄምስ ሃተን በ18ኛው ክፍለ ዘመን እዚሁ ሥር ያለውን የሳልስበሪ ገደል መርምሮ፣ ድንጋዩ ቀልጦ በሌሎች ድንጋዮች መሃል ሰርጎ የገባ መሆኑን አስተውሏል። እኔ ደግሞ እዚያው ላይ ብስኩቴን እበላለሁ።

ፎቶ የሚያነሳኝ ሰው አልነበረም። ሰልፊ ሞከርኩ፤ ግማሹ ጣቴ ነው። መውረዱ ከመውጣቱ ባሰብኝ፤ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። ይህን የምጽፍላችሁም አልጋ ላይ ተንጋልዬ፣ እግሬን ግድግዳው ላይ ሰቅዬ ነው።