ሰማያዊዋ ቁራጭ

ቦታው የድሮ ቆዳ ፋብሪካ ነው። የአዲስ አበባ ቆዳ ፋብሪካዎች ወንዝ ዳር የሠፈሩት ውሃ ፍለጋም፣ ቆሻሻ ውሃ መድፊያ ፍለጋም ነው። ይሄኛው ፈርሶ አፓርታማ ሊሠራበት ነው። እኔ የተቀጠርኩት ኬሚካሉን እንዳይ ነው።

በመጀመሪያው ስብሰባ የሳይቱ መሐንዲስ ወፍራም ሰነድ ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገ።

«አፈሩኮ ተመርምሯል።»

ገለጥኩት። አፈሩ ስንት ፎቅ እንደሚሸከም ይናገራል። ቆዳ ስለሚለፋበት ኬሚካል፣ ስለ ክሮም፣ አንድ መስመር የለም።

«ይሄ ጥንካሬውን ነው። እኔ የምፈልገው መርዙን ነው።»

«መርዝ ቢኖርበት ሣር ያበቅል ነበር?»

የላቭ ካናልን ታሪክ ነገርኩት። አሜሪካ፣ ናያግራ ፎልስ። አንድ ኩባንያ ከ20 ሺህ ቶን በላይ የኬሚካል ቆሻሻ የቀበረበትን መሬት በ1953 እ.ኤ.አ. ለትምህርት ቦርዱ በ1 ዶላር ሸጠ። ትምህርት ቤት ተሠራበት፤ ዙሪያውን መኖሪያ ቤት። በ1978 የአስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፤ ሰዉ ቤቱን ጥሎ ወጣ። መሐንዲሱ በጥሞና ሰማኝ።

«አንድ ዶላር?» አለ። «እኛ ካሬውን በስንት እንደያዝነው ታውቃለህ?»

ከዚያ ወዲህ ታሪክ አውርቼለት አላውቅም።

ለማንኛውም ናሙና ወሰድን። ዝቃጭ ጉድጓዱ ጋ ክሮም ስድስት ተገኘ። ቆዳ የሚለፋው በክሮም ሦስት ነው፤ እሱ ብዙም ከቦታው አይነቃነቅም። ስድስት ሲሆን ግን ከውሃ ጋር ይሄዳል፣ ካንሰርም ያመጣል። አፈሩ ወጥቶ ወደተዘጋጀለት ቦታ ይሂድ፣ እዚያ ስድስቱን ወደ ሦስት በሚመልሰው በፌረስ ሰልፌት ይታከም፣ ጉድጓዱ በንጹሕ ገረጋንቲ ይሞላ ተባለ።

እኔ ጥንቃቄ አበዛለሁ። በር ላይ ቆሜ የሚወጣውን ሲኖትራክ አንድ በአንድ ቆጠርኩ። 27 ቢያጆ። የጉድጓዱ ወለልና ግድግዳ እንደገና ተመረመረ፤ ንጹሕ። አጠገቡ ቆሜ ፎቶ ሁሉ ተነሥቻለሁ።

በሦስተኛው ቀን ሙሌቱ መጣ። የመጀመሪያው ሲኖ ሲገለብጥ መዳፍ የምታህል ነገር እግሬ ሥር ወደቀች። አነሣኋት። ሰማያዊ ናት። ዌት ብሉ ናት፤ በክሮም ተለፍቶ ሰማያዊ የሆነ ቆዳ። ገረጋንቲ ውስጥ ዌት ብሉ ምን ይሠራል?

ሹፌሩን ጠራሁት።

«ይሄን ከየት ጫንከው?»

«ከድልድዩ ማዶ። ከትናንት ወዲያ የደፋሁት ነው እኮ።»

«ገረጋንቲ አምጣ አልተባልክም?»

«ጋሼ፣ አፈር አምጣ ነው የተባልኩት። ካባው ሩቅ ነው፤ እኔ የሚከፈለኝ በቢያጆ ነው።» ትንሽ አሰበና በቅንነት ጨመረ። «ደግሞ ከዚሁ የወጣ ስለሆነ ይስማማዋል ብዬ ነው።»

ልቆጣው አፌን ከፈትኩ። ምን ልበለው? የቢያጆ ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። አንድ ፊርማ ብቻ ነው ያለው፤ የመውጫ። ተረካቢ የሚፈርምበት ቦታ የለውም። 27ቱም ላይ የፈረምኩት እኔ።

መሐንዲሱ መጣ። ቁራጯን አገላብጦ አያትና ፈገግ አለ።

«ስንት ነበር የቆጠርከው?»

«27።»

«ጎበዝ። በል መልሰህ ቁጠራቸው።»

ከድልድዩ ማዶ ሄደን አስጫንን። 19 ብቻ ሆነ። ሹፌሩን ቀና ብዬ አየሁት።

«አንድ ሽማግሌ ለምነውኝ ነው» አለ። «ጓሯቸውን ሞልተው ጎመን ሊተክሉ።»

በማግስቱ ጠዋት የሽማግሌውን በር ያንኳኳሁት እኔ ነኝ። መሐንዲሱ ስብሰባ ነበረበት።