ራዳር ከመግዛት በፊት፦ ጨረሩ ከጎንደር እስከ መተማ

የአገሪቱ የአየር ሁኔታ ራዳር መረብ ይዘምን ሲባል ወሬው ሁሉ ስለ መሣሪያው ነው። ራዳሩ ዝናብ ፍለጋ ስለሚልከው የሬዲዮ ሞገድ ጨረር ከፍታ የሚያነሣ ጥቂት ሰው ነው። ደጋ ላይ ግን ሥራውን የሚያሳካውም የሚያበላሸውም እሱ ነው። ጎንደርን ይዘን እናስላው።

ራዳሩ ከከተማዋ ኮረብቶች በአንዱ፣ ከባሕር ወለል 2,200 ሜትር ላይ ተተከለ እንበል። በተለመደው ዝቅተኛ ቅኝት አንቴናው ከአግድም መስመር 0.5 ዲግሪ ሽቅብ ያዘነብላል። ጨረሩ ሽቅብ ስላዘነበለ፣ ምድርም ከሥሩ እየጎበጠች ስለምትሄድ፣ 100 ኪ.ሜ. ላይ ከአንቴናው 1.5 ኪ.ሜ. ገደማ ከፍ ይላል። 150 ኪ.ሜ. ላይ፣ ማለትም መተማ ሰማይ ላይ፣ 2.6 ኪ.ሜ. ይሆናል። የጎንደር ከፍታ ሲደመርበት 4.8 ኪ.ሜ. መጣ። መተማ ደግሞ ከ800 ሜትር በታች ናት። ስለዚህ ራዳሩ የሚያየው ከሰሊጥ ማሳው 4 ኪ.ሜ. ሽቅብ ያለውን ነው፤ የጨረሩ ውፍረትም እዚያ ርቀት ላይ ከ2.5 ኪ.ሜ. ይበልጣል።

ይባስ ብሎ በእኛ ሰማይ በረዶ መቅለጥ የሚጀምረው ከባሕር ወለል 5 ኪ.ሜ. አካባቢ ነው። የሚቀልጥ በረዶ ላዩን ውሃ ስለሚለብስ ለራዳሩ ግዙፍ የዝናብ ጠብታ መስሎ ይታየዋል። ስክሪኑ ላይ ዶፍ፣ መሬት ላይ ካፊያ! ቆላው ላይ ደግሞ ጠብታው ሳይወርድ የሚተነው አለ። በሰሜን ምሥራቅ በኩል ችግሩ ሌላ ነው፤ ከ4,500 ሜትር በላይ የሚደርሱት የሰሜን ተራሮች ያንኑ ጨረር ይጋርዱታል፤ ከጀርባቸው ያለው ዝናብ በካርታው ላይ እንደሌለ ይቆጠራል።

እንግዲህ አንድ ትልቅ ራዳር ለሁሉም አይበቃም። ደጋው ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ያለው ሲ-ባንድ የሚባለው ራዳር፣ ቆላው ላይ ደግሞ በ3 ሴንቲ ሜትር የሚሠራ አነስተኛ ኤክስ-ባንድ ቢደገፍበት ይሻላል ባይ ነኝ። ኤክስ-ባንድ በኃይለኛ ዝናብ ውስጥ ቶሎ ስለሚዳከም የሚታመነው ለቅርብ ርቀት ብቻ ነው። 10 ሴንቲ ሜትሩ ኤስ-ባንድ ዝናብ አያዳክመውም፤ ግን 1 ዲግሪ ስፋት ያለው ጨረር ለማግኘት 8.5 ሜትር ገደማ አንቴና ይፈልጋል፤ ሲ-ባንድ በግማሹ ይበቃዋል።

አዲሶቹ ራዳሮች አግድም የሚርገበገብና ቁልቁል የሚርገበገብ ሁለት ዓይነት ሞገድ ይልካሉ። ትልቅ የዝናብ ጠብታ ሲወድቅ ጠፍጠፍ ስለሚል አግድሙ ምላሽ ይበልጣል፤ እየተንከባለለ የሚወርድ የበረዶ ድንጋይ ግን ለሁለቱም ሞገዶች ተመሳሳይ ምላሽ ይሰጣል። በረዶ ለሚበዛበት ደጋ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ልዩነቱን ለመለየት ግን የሁለቱ ሞገዶች ተቀባዮች አለመመጣጠን ከ0.2 ዴሲቤል (የምልክት ኃይል ልዩነት መለኪያ) መብለጥ የለበትም። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ቀለል ያለ ዝናብ ሲዘንብ አንቴናውን ቀጥ ብሎ ወደ ላይ አቅንቶ ማዞር። ከሥር ሲታይ ጠብታ ሁሉ ክብ ስለሆነ ልዩነቱ ዜሮ መምጣት አለበት፤ ካልመጣ የመሣሪያው ስሕተት ነውና ይታረማል። የአንቴናው አቅጣጫ ደግሞ በፀሐይ ይፈተሻል፦ ፀሐይ ራሷ የሬዲዮ ሞገድ ስለምትለቅ፣ የታየችበት ቦታ ከተሰላው ጋር መግጠም አለበት።

የተመለሰውን ሞገድ ኃይል ሲለኩ የ1 ዴሲቤል ስሕተት፣ ኃይሉን ወደ ዝናብ መጠን በሚቀይረው በተለመደው የማርሻልና ፓልመር ቀመር፣ ዝናቡን 15 በመቶ ያህል ያዛባል። 3 ዴሲቤል ወደ ላይ ከሳተ ግን ከግማሽ በላይ ያጋንናል፤ በዚያ መረጃ የመገጭ ወንዝን ጎርፍ ለደምቢያ ገበሬ አስቀድሞ ማሳወቅ አይቻልም።

ሌላው ችላ የተባለ ጠላት ዋይፋይ ነው። ሲ-ባንድ ራዳሮች ከሚሠሩበት ከ5,600 እስከ 5,650 ሜጋኸርዝ ውስጥ የ5 ጊጋኸርዙ ዋይፋይ 120፣ 124 እና 128 ቻናሎች ይገባሉ። ከሕንፃ ወደ ሕንፃ ኢንተርኔት የሚያሻግር አንቴና ራዳር ሲሰማ ቻናል የሚያስለቅቀው የራዳር መጠበቂያው ተዘግቶ ከተተከለ፣ ከራዳሩ መሐል ተነሥቶ እስከ ዳር የሚዘልቅ ቀጥ ያለ መስመር ይታያል። ሶፍትዌር ምስሉን ያጸዳው ይሆናል እንጂ ከሥሩ የጠፋውን ዝናብ አይመልስም፤ መፍትሔው ምንጩን ፈልጎ ቻናሉን ማስቀየር ነው።

መብራትም አለ። ክረምት ላይ መብራት የሚጠፋው ነጎድጓዱ ሲመጣ፣ ማለትም ራዳሩ በጣም በሚፈለግበት ሰዓት ነው። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ዩፒኤሱ (መጠባበቂያ ባትሪው) ራዳሩን ብቻ ሳይሆን የክፍሉን ማቀዝቀዣም መሸከም አለበት። ማቀዝቀዣው ከተረሳ ተቀባዩ ይሞቃል፣ ልኬቱም ይንሸራተታል፤ ምስሉ ግን ደህና ስለሚመስል ማንም ሳያውቅ ይሰነብታል። ለዚህ ሲባል የተቀባዩ ሙቀት ከምስሉ ጋር አብሮ ወደ ማዕከል ይላክ፤ ከወሰን ሲያልፍም ማንቂያ ይደውል።