የሙስታንጌን የኋላ አክስል ከዘይት መፍሰስ እንዴት እንደገላገልኩት

በ2012 እ.ኤ.አ. የተሠራው ሙስታንግ ጂቲዬ ከተማ ውስጥ ሲነዳ ጠብታ ዘይት አይወጣውም። ዌስት ቨርጂኒያ፣ ሰሚት ፖይንት የውድድር መስመር ላይ ሲገባ ግን ከጥቂት ዙር በኋላ የግራው የኋላ ቸርኬ ውስጡ በዘይት ይርሳል። ይህ በቸልታ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ዘይቱ ዲስኩና የፍሬን ሸራው ላይ ካረፈ ፍሬኑ አይዝም፤ አስፋልቱ ላይ ከተንጠባጠበ ደግሞ ከኋላ የሚመጣውን ሰው ያንሸራትታል።

ከመፍታቴ በፊት አጠብኩት። ነፋስ ዘይቱን ስለሚበትነው የረጠበው ቦታ ሁሉ የሚያፈስ ይመስላል። አክስሉን ከዳር እስከ ዳር በፍሬን ማጽጃ አጥቤ፣ መጋጠሚያዎቹ ላይ የሕፃን ፓውደር ነስንሼ ነዳሁት። ከሁለት ቦታ እንደሚወጣ ለየሁ፦ ከግራው ሴሚያስ (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) ፓራኦሊ (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ቀለበት) እና ሴሚያሱ ካለበት የአክስል ቱቦ ላይ ካለችው የአየር መተንፈሻ። ሽታውም አያሳስትም፤ የፍሬን ዘይት እንዲህ ድኝ ድኝ አይልም።

የዚህ መኪና የኋላ አክስል ወጥ ነው፤ ማለትም ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኘው አንድ ድፍን አካል ነው። ረጅም የቀኝ መዞሪያ ላይ ዘይቱ በቱቦው ውስጥ ወደ ግራ ይነዳል፤ ሰሚት ፖይንት ደግሞ በሰዓት አቅጣጫ ስለሚዞር ጫናው የሚበዛው በዚያ ጎን ነው። ሙቀቱ ዘይቱን ያቀጥነዋል፣ የታመቀውም አየር መውጫ ይፈልጋል። መተንፈሻዋን ዘይት ከሸፈናት አየሩ ዘይቱን ይዞ ይወጣል፤ በጭቃ ከተደፈነች ደግሞ ግፊቱ በፓራኦሊው በኩል ይወጣል። ፓራኦሊ ብቻ ቀይሮ ወደ መስመር መመለስ የማይጠቅመው ለዚህ ነው።

ሴሚያሱን ለማውጣት ዘይቱ ይቀዳል፣ የዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለሁለቱ ጎማዎች የሚያከፋፍለው የመሃል ጥርሶች ክፍል) ክዳን ይነሳል፣ የመሃሉ ፒን ይወጣል፤ ከዚያ ሴሚያሱን ወደ ውስጥ ገፋ ሲያደርጉት የሲ ቅርጽ ያላት መያዣ ትለቃለች። ፒኑ ከወጣ በኋላ ጎማውን ወይም ሴሚያሱን ማዞር አይገባም፤ ትንንሾቹ ጥርሶች ከቦታቸው ይንሸራተታሉ። የፒኑን ማሰሪያ ቡሎን በአዲስ ቀይሬ ማጣበቂያ ቀብቼዋለሁ።

ትልቁን ትምህርት ያገኘሁት እዚህ ላይ ነው። በዚህ አክስል የኩሽኔታው (ዘንጉ ያለ ፍትጊያ እንዲዞር የሚይዘው ዕቃ) ሮለሮች የሚሽከረከሩት በቀጥታ ሴሚያሱ ላይ ነው። ስለዚህ ኩሽኔታው ሲያረጅ ሴሚያሱም አብሮ ይበላል። የፓራኦሊው ከንፈር የሚያርፍበትን ቦታ በጥፍሬ ስፈትሸው ግራው ላይ ጥፍር የሚይዝ ቦይ ነበረው፤ ቀኙ ለስላሳ ነው። በእንዲህ ያለ ቦይ ላይ አዲስ ፓራኦሊ ብዙ አይቆይም። ከንፈሩን ወደ ጤነኛው ቦታ የሚያሻግር፣ ኩሽኔታና ፓራኦሊ አንድ ላይ የያዘ ዕቃ ይሸጣል፤ ለከተማ መኪና ይበቃል። እኔ ግን ለውድድር መስመር ስለምነዳው በግራ በኩል አዲስ ሴሚያስ ገዛሁ፣ ኩሽኔታና ፓራኦሊውን ግን በሁለቱም ጎን ቀየርኩ። ሲገባ የሴሚያሱ ጥርስ የፓራኦሊውን ከንፈር እንዳይነካ አንድ ሰው ከታች ቢደግፍ መልካም ነው።

መተንፈሻዋን በጎማ ቱቦ ወደ ላይ አንስቼ ማጣሪያ ካለው ትንሽ ጠርሙስ ጋር አገናኘኋት። አክስሉ ከሱስታው ጋር ስለሚወጣና ስለሚወርድ ቱቦው ላላ ማለት አለበት።

የዘይቱ ልክ ሌላው ጉዳይ ነው። መሙያው ቀዳዳ እስኪያፈስ መሙላት ብዙዎች የለመዱት ቢሆንም፣ በዚህ አክስል ልኩ ከቀዳዳው አፍ ከአንድ ሳንቲሜትር ትንሽ በለጥ ብሎ ዝቅ ይላል። መኪናው በአራቱም ጎን እኩል ቆሞ፣ በታጠፈ ሽቦ ለካሁት። ዘይቱ ሰው ሠራሽ፣ የውፍረት ደረጃው 75 ደብሊው 140 ነው፤ ዲፈረንሻሉ ሊሚትድ ስሊፕ (አንዱ ጎማ ብቻውን እንዳይሽከረከር የሚገታ) ስለሆነ ለእሱ የሚጨመረውን ተጨማሪ ፈሳሽም ጨመርኩ። ዘይት የነካውን የፍሬን ሸራ ጣልኩት፤ አጥቦ መልሶ መጠቀም አልመክርም።

አሁን ቸርኬው ደረቅ ነው፣ ጠርሙሱ ውስጥ ትንሽ ዘይት ይጠራቀማል። የፊተኛውን የፒኒየን (ከሞተሩ የመጣውን ኃይል ወደ ዲፈረንሻሉ የሚያስገባው ጥርስ) ፓራኦሊ አልነካሁትም። የእሱ ዳዶ የኩሽኔታዎቹን ጥብቀት ስለሚወስን፣ ማፍሰስ ከጀመረ መለኪያ መሣሪያና ልምድ ላለው ሰው እሰጠዋለሁ።