ልጆቹን ደጅ ልቀቋቸው

ድሮ ደብረ ማርቆስ ላይ ክረምት ገብቶ ትምህርት ሲዘጋ፣ ዝናቡ ትንሽ ካባራ ልጆች ከደጅ አይጠፉም ነበር። አሁን ብዙዎቹ ስልክ ላይ ተደፍተው ይውላሉ። ዓይናቸው ያሳስበኛል። የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን፣ የሰው ፊት አይቶ የሰው ስሜት መረዳትን የት ሊማሩት ነው የሚለው ነው።

እስቲ አኩኩሉን አስቡት። ዓይኑን የጨፈነው «አኩኩሉ!» ይላል፣ የሚደበቁት «አልነጋም!» ይላሉ። ደግሞ «አኩኩሉ!»፣ ደግሞ «አልነጋም!»። ትንሿ ልጅ መደበቂያ አጥታ ከአጥር አጥር ስትሯሯጥ፣ ትልልቆቹ ራሳቸው ተደብቀው ጨርሰው እንኳ ለእሷ ሲሉ «አልነጋም!» እያሉ ይጮሃሉ። «ነጋ!» የሚባለው እሷም ስትደበቅ ነው። ያዘዛቸው አዋቂ የለም።

ብይም እንደዚያው ነው። አንዱ ጎበዝ የሁሉንም ብይ ከበላ ጨዋታው እዚያው ያበቃል፤ ስለዚህ ለተበላው አንድ ሁለት ያበድረዋል፣ እያበደረም ፊቱን ያየዋል። ሊያለቅስ ነው? ተናዷል? ጥሎ ሊሄድ ነው? ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤም የልጆችን ግብረ ገብ ሲያጠና የሄደው ወደ ብይ ጨዋታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው ሥራው፣ ልጆች ከፍ ሲሉ የጨዋታ ሕግ ተስማምተው የሚያወጡትና የሚለውጡት መሆኑን እንደሚረዱ አሳይቷል። አሜሪካዊው ምሁር ፒተር ግሬይ ደግሞ ትልቁ ነገር «በቃኝ» ብሎ መውጣት መቻሉ ነው ይላል። ጓደኛህ ከከፋው ይሄዳል፣ እሱ ከሄደ ደግሞ ጨዋታ የለም።

ለዚህ ነው ልጆች ሲጣሉ ዘለን መሀል አንግባ የምለው። ድንጋይ ካልተነሳ በቀር ትንሽ ብንታገስ ራሳቸው ይጨርሱታል፤ አንዱ ያኮርፋል፣ ሌላው ዞር ዞር ይልና «በቃ፣ እኔ ልጨፍን» ብሎ ያስታርቃል። እኛ ዳኛ ከሆንን ግን ልጁ የሚያየው የእኛን ፊት ነው፣ የጓደኛውን አይደለም።

ጊዜው እንደሚያስፈራ አውቃለሁ። ልጅ ከዓይን ሲርቅ ልብ አይረጋም፣ መንገዱንም ባጃጅ ሞልቶታል። ቢሆንም ጎረቤት ለጎረቤት ተነጋግረን አንድ ግቢ ውስጥ ልናሰባስባቸው እንችላለን፤ ዛሬ እኛ ቤት፣ ነገ እናንተ ቤት። ልጃችን እያለቀሰ ሲመጣም «ማነው የመታህ?» ብለን ከመነሳታችን በፊት «እሱስ ምን ሆኖ ነው?» ብለን እንጠይቀው።