«ፎርጅድ ነው» የተባለው ስቴንለስ

ጅቡቲ ውስጥ የባህር ውሃ የሚስብ ፓምፕ ያለው ደንበኛ አለን። የቧንቧው ድጋፎች እየተሰበሩ ሲያስቸግሩት ቁርጥራጮቹን በማዳበሪያ ጠቅልሎ በጭነት መኪና ድሬዳዋ ላከልን። ፍርዱንም በስልክ ላከ። «አቦ፣ ብረቱ ፎርጅድ ነው! 316 ብለው 304 ነው የሸጡልኝ!» ሁለቱም የስቴንለስ ዓይነቶች ናቸው፤ ጨዋማ ውሃን የተሻለ የሚቋቋመው 316 ነው።

ወርክሾፑ ውስጥም ሁሉም ተስማማ። አንዱ ማግኔት አምጥቶ የታጠፈው ቦታ ላይ ሲያስጠጋው ሳብ አደረገ። «ይኸው!» ተባለ። ግን ማግኔት 304ን ከ316 አይለይም። ሁለቱንም እምብዛም አይስብም፤ ሲታጠፉ ግን የታጠፈው ቦታ ትንሽ ሊሳብ ይችላል። ማግኔቱ የነገረን ብረቱ መታጠፉን ነው። እሱንማ በዓይናችንም እያየነው ነው።

ሁለቱን የሚለያቸው ሞሊብዲነም የሚባል የብረት ቅመም ነው። 316 ውስጥ ከ2 እስከ 3 በመቶ ይገኛል። ብረቱ ላይ ጠብ አድርገው ቀለሙን የሚያዩት መመርመሪያ ፈሳሽ አለ። ፈሳሹ የሚያርፍበትን ቦታ ፈግፍገን ሞከርነው፤ ሞሊብዲነም አለው። ሻጩ በከንቱ ታምቷል።

ልጆቹ ስብራቱን በሽቦ ብሩሽ ሊፈገፍጉ ሲሉ አስቆምኳቸው። የስብራት ፊት ማስረጃ ነው። ሁለቱን ቁራጮች ገጥሞ «ልክ ነው ወይ» ብሎ ማፋተግም ያው ማጥፋት ነው። መጀመሪያ ፎቶ፣ ከዚያ ለስላሳ ብሩሽና ንጹህ ውሃ፣ ከዚያ አጉሊ መነጽር።

የስልክ መብራት በጎን ሳበራበት ቁልጭ ብሎ ታየ። ከአንድ ጠርዝ ተነስተው እየሰፉ የሚሄዱ ቅስቶች፣ የደቻቱ ጎርፍ ሲጎድል አሸዋው ላይ ትቷቸው እንደሚሄደው መስመር። ይህ የድካም ስብራት ነው፤ በንዝረት ጥቂት በጥቂት የተከፈተ። በመጨረሻ ላይ በአንዴ የተገነጠለው ሻካራ ቦታ ጠባብ ነበር። ጭነቱ አልበዛበትም ማለት ነው።

አንጋፋው በያጃችን ግን «ሙቀት ነው የሰነጠቀው» አለ። ጋሼ ያለ ነገር አይናገርም። ክሎራይድ፣ ማለትም የባህር ጨው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር፣ እና ሙቀት ተባብረው ስቴንለስን ይሰነጥቃሉ። ነገር ግን ያ በአብዛኛው ከ60 ዲግሪ በላይ ነው፤ ስንጥቁም ቅርንጫፍ ያወጣል። የኛው አንድ ወጥ ነበር።

ቅስቶቹ የሚነሱት ሁሉ ከጎማው ሥር ነው። ድጋፉ ቧንቧውን እንዳይፈገፍግ መሃል ላይ ጎማ ተደርጓል። ላዩን የሚያብረቀርቀው ብረት ጎማው ሲነሳ ቡናማ ጭቃ ለብሷል። ሲታጠብ የመርፌ ጫፍ የሚያስገቡ ጉድጓዶች ወጡ።

ስቴንለስን የሚጠብቀው ክሮሚየሙ ከኦክስጅን ጋር የሚሠራው በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ነው። ቢጫርም ኦክስጅን እስካገኘ ድረስ ራሱን ይተካል። ጎማው ሥር የገባ ውሃ ግን ቆሞ ይቀራል። ኦክስጅኑ ያልቃል፣ ክሎራይድ ይከማቻል፣ ውሃው አሲድ ይሆናል፣ ሽፋኑም ይፈርሳል። አንድ ሊትር የባህር ውሃ ወደ 19 ግራም ክሎራይድ አለው፤ የጅቡቲው ደግሞ ሞቃት ነው። እንዲህ ባለ ክፍተት ውስጥ 316ም አይችልም። ጉድጓዱ መነሻ ሰጠ፣ ንዝረቱ ጨረሰው።

ንዝረቱ ከየት መጣ? ደንበኛው ቪዲዮ እንዲልክ ጠየቅነው። የፓምፑ መሠረት ብሎኖች ላልተው ሲንቀጠቀጡ ይታያል።

«እንግዲያው ወፍራም ላሜራ አድርጉልኝ» አለ። ውፍረት ቀን ይገዛል እንጂ ጉድጓዱን አያስቀርም። ድጋፎቹን 22 በመቶ ክሮሚየምና 3 በመቶ ገደማ ሞሊብዲነም ባለው፣ ዱፕሌክስ 2205 በሚባል የስቴንለስ ዓይነት ሠራናቸው። ዋጋው ያስጮሃል፣ እሱም ጮኸ። እኔ ግን ከብረቱ ይልቅ የምተማመነው በቅርጹ ነው። 2205ም ቢሆን ሞቃት የባህር ውሃ በጠባብ ቦታ ከቆመበት ይበላል። ስለዚህ ጠፍጣፋው ጎማ ወጥቶ ግማሽ ክብ ጠንካራ ፕላስቲክ ገባ፤ ቧንቧውን በመስመር ብቻ ይነካዋል፣ ውሃ አያቁርም። ብየዳውን እየዘለልን ሳይሆን ዙሪያውን አስኬድነው፤ እሳቱ ያጠቆረውን በአሲድ ቅባት አጸዳነው። ተራ ብረት የነካ ብሩሽ እንዳይጠጋው ለስቴንለስ ብቻ የሚሆን ብሩሽ ለየን።

ለደንበኛው የነገርነው ይህን ነው፦ መጀመሪያ የፓምፑን ብሎኖች አጥብቅ፣ ድጋፎቹን በንጹህ ውሃ እጠብ። ፍተሻ ሲደርስ ደግሞ ላዩን አይተህ አትለፍ፤ አንዱን ድጋፍ ፍታና ቧንቧው የሚያርፍበትን እይ።