ግፊት ብቻ ያልነው

አጎቴ ግራ እጃቸውን ዘርግተው «እስቲ ዳስሰው» ሲሉኝ ጣቶቼን ከክንዳቸው ላይ አሳረፍኩ። ከቆዳው ሥር ያለማቋረጥ የሚነዝር ነገር ተሰማኝ። ፊስቱላ ይሉታል፤ ስሙ እናቶችን በወሊድ ጊዜ ከሚገጥመው ጉዳት ጋር ቢመሳሰልም፣ ይህኛው ደም ቅዳና ደም መልስ በቀዶ ሕክምና ተገናኝተው የኩላሊት እጥበት መርፌ የሚገባበት መስመር ነው። በዚያ እጅ ግፊት አይለካም፤ ከባድ ዕቃም አይነሣበትም።

ስለ ኩላሊት ስናወራ ብዙዎቻችን የምናስበው ጠጠርንና የጎን ውጋትን ነው። ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ግን ለዓመታት ላያምም ይችላል። የኩላሊት ደም የማጣራት አቅም በደቂቃ ከ60 ሚሊ ሊትር በታች ሲወርድ ወይም በሽንት ውስጥ ፕሮቲን ሲገኝ፣ ይህም 3 ወርና ከዚያ በላይ ሲቆይ ሐኪሞች ሕመሙ አለ ይላሉ፤ አቅሙ ወደ 15 እስኪጠጋ ድረስ ሥራቸውን የማያቋርጡ ሰዎች ግን ጥቂት አይደሉም። አጎቴ ከእነሱ አንዱ ነበሩ። ግፊት እንዳለባቸው ከታወቀ ዓመታት ቢያልፉም መድኃኒቱን የሚወስዱት ራሳቸውን ሲያማቸው ብቻ ነበር፤ ለጉልበታቸው ደግሞ ኩላሊትን የሚጎዳውን ዳይክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ ያለ ማዘዣ ይገዙ ነበር። ይህን ሁላችንም እያየን ዝም ብለናል። ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ግን፣ ይከታተሉበት በነበረው ጤና ጣቢያ ግፊታቸው በየጊዜው ሲለካ አንድም ቀን ሽንታቸው ለፕሮቲን፣ ደማቸውም ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ ለሚከማቸው ቆሻሻ፣ ለክሬቲኒን፣ አለመመርመሩ ነው። ግፊት ወይም ስኳር ላለበት ሰው እነዚህ ሁለት ምርመራዎች ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ያስፈልጉታል፤ ካልታዘዙለት ራሱ ሊጠይቅ ይገባል።

ግፊትና ስኳር የኩላሊትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጎዳሉ፤ የተጎዳው ኩላሊት ደግሞ ጨውና ውኃ ስለሚያስቀር ግፊቱን መልሶ ያንረዋል። ደም እንዲመረት የሚያዘው የኩላሊት ሆርሞን ሲያንስ ደም ማነስ ይከተላል፤ አጥንትም ይዳከማል። ልብም አብሮ ስለሚታመም፣ ብዙ ሕመምተኞች እጥበት ደረጃ ሳይደርሱ የሚሞቱት በልብ ሕመም ነው።

አጎቴ በሳምንት 3 ቀን፣ በየቀኑም 4 ሰዓት ያህል ይታጠባሉ። የሚጠጡት ውኃ በሲኒ ይለካል፤ ባለቤታቸውም ድንቹን ቀቅለው ውኃውን ከደፉ በኋላ ያለ ጨው ለብቻ ይሠሩላቸዋል። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም. ሲጀመር የተያዘው መንገድ ሕያው ዘመድ ለዘመዱ እንዲለግስ ነው፤ ስለዚህ የበኩር ልጃቸው «የእኔን ውሰዱ» ብሎ ተነሣ። ሲመረመር ግን 34 ዓመት ሳይሞላው ግፊት ተገኘበት፤ መለገስ አትችልም ተባለ።

በዚያው ሳምንት የልጁ ሽንት ተመረመረ፤ ፕሮቲን አልነበረበትም። አጎቴ የውጤቱን ወረቀት ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። አሁን ልጁ ጠዋት ሥራ ከመሄዱ በፊት ክኒኑን የሚውጠው አባቱ እያዩት ነው።